የወፍጮ ቤታችን ስድሳ ምስማር

ባለፈው ቅዳሜ ገዘር አጠገብ ካለ መንደር ከለቅሶ ስመለስ ሚኒባሱ ጎማ ሊያስነፋ መንገድ ዳር ቆመ። መብራት ጠፍቶ ነበርና ከጎማ ቤቱ ጀርባ ያለው ወፍጮ በናፍጣ ይሠራ ነበር። ሽታው በመስኮት ገብቶ አሳለኝ፤ የናፍጣ ጭስና ገና ከድንጋይ የወጣ ትኩስ የበቆሎ ዱቄት፣ ሁለቱ አንድ ላይ። አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት «እማማ፣ ጭሱ አስቸገረዎት መሰለኝ፤ መስኮቱን ልዝጋው?» አለችኝ። «ተይው ልጄ፣ ይግባ» አልኳት። የቀበርናት ሴት ልድያ ትባላለች። እኔ ፈለቀች እባላለሁ፣ የጂንካ ልብስ ሰፊ የነበርኩ፣ አሁን ዓይኔ በመርፌ ክር ማስገባት የተሳነው። ቦርሳዬ ውስጥ ከመነጽሬ ጋር አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ ነበር፤ ከዘይት ጣሳ የተቆረጠ፣ ጫፉ የተበሳ፣ ሃያ ሰባት ቁጥር በምስማር የተመታበት። ከለቅሶው ቤት ስወጣ እጄ ላይ ያስቀመጠችልኝ የልድያ ልጅ ናት። ያንን ቆርቆሮ የቆረጠው ባሌ ነው። በልድያ ላይ የተሠራውን ግፍ በቃለ ጉባኤ የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ ባማረ ጽሕፈት።

የዛሬ ልጆች ጂንካ ሲባል ባጃጁንና ፎቁን ነው የሚያውቁት። ያኔ የከተማው እምብርት የሣር ሜዳ ነበር። ከብት ይግጥበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል፤ አውሮፕላን ሊያርፍበት ሲመጣ ዘበኛው ጅራፉን እያጮኸ ከብቱንም ልጁንም እኛንም አንድ ላይ ያባርራል። የምንቀበለው እንግዳ ሳይኖረን ሁላችንም እንወጣ ነበር፤ ማን ወረደ፣ ምን ለበሰ ለማየት ብቻ። ሱሪው ከጉልበቱ በታች እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ አስተማሪ ከአዲስ አበባ የወረደ ዕለት ሦስት ጎረምሶች ሱሪያቸውን ታቅፈው በረንዳዬ ላይ መጡ፤ «እትዬ፣ እንደሱ አድርጊልን!» ጨርቅ ቀጥዬ አሰፋሁላቸው፤ በሳምንቱ የጂንካ ጭቃ እስከ ጉልበታቸው ወጣ። የእግር ስፌት መኪናዬን ባሌ ተፈራ ነው የገዛልኝ፤ ጤና ጣቢያው ውስጥ ድሬሰር ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ካኪ በሜትር ሦስት ብር፣ አቡጀዲ አንድ ከሃምሳ፣ እንቁላል አምስት ሳንቲም። አምስት ሳንቲም! ዛሬ ለልጅ ልጆቼ ስነግራቸው አረጀች ይሉኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ የቆላው ሰው በማርና በቅቤ፣ የደጋው በቆጮና በድንች ይወርዳል፤ ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ ግማሽ ቀን ሰልፍ፣ ግማሽ ቀን የፍቅር ዘፈን ይሰማል። መንግሥት ተለውጦ ነበር። ትናንት «ጌታዬ» ይባል የነበረው ሰው «ጓድ» ተባለ። መሬትም ላራሹ ሆነና አባቴ ከሰሜን በወታደርነት መጥቶ ያገኘው መሬት አብሮ ሄደ። በዚያ አላለቅስም። ያንን መሬት ገባር ሆኖ ሲያርስ የኖረው የልድያ አባት ነው። እኔና እሷ እንደ ሰው የተዋወቅነው ግን ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ በወፍጮ ምክንያት ነው።

የሚሠራ ወፍጮ በአካባቢያችን አልነበረም። አንድ ነጋዴ ወፍጮ ነበረው፤ ዘመኑ ሲከፋበት ጥሎት ሄዶ፣ ሞተሩ ዝጎ የዶሮ ማደሪያ ሆኖ ነበር። ከተሜዋም ገጠሬዋም በድንጋይ ነበር የምትፈጨው፤ ማለዳ ብትወጡ ከየቤቱ የሚሰማው የመጅ ድምፅ ነው። ታዲያ አቶ ሽብሩ የሚባል የጨውና የጋዝ ነጋዴ፣ አፉ ማር የሆነ ሰው፣ ቅዳሜ ገበያ ሲፈታ ሰውን ሰበሰበና «ወፍጮ በማኅበር እንግዛ» አለ። ሞተሩ፣ ድንጋዩና ቤቱ ስድስት ሺህ ብር ይፈጃል። ስድሳ ቦታ እንቁረሰው፤ አንዱ ቁራሽ እጣ ይባል፣ አንድ እጣ መቶ ብር። የቻለ ብዙ ይግዛ፣ ያልቻለ አንድ። እሱ ራሱ አሥር ገዛ። እኔና ተፈራ ሁለት። ሠላሳ አራት ሰው ሆነን ስድሳውን ሞላነው። የአሪ ገበሬው፣ የቤተ ክርስቲያኑም የጸሎት ቤቱም ሰው፣ ጠላ ሻጭዋም፣ ሁሉም አንድ ላይ።

ልድያ ያኔ ነው በረንዳዬ ላይ የመጣችው። ባሏ ሞቶ አንዲት ሕፃን ልጅ አዝላ ነበር። አማርኛን ከገበያ ስለለመደችው አንተንና አንቺን ታቀላቅላለች፤ ለእኔ የሚጥመኝ ደግሞ ያ ነበር። «እትዬ ፈለቀች፣ አንዷ እጣ ስንት ቁና ትፈጫለች?» አለችኝ። ሳቅ ገደለኝ። «እጣ አይፈጭም፤ ወፍጮው ነው የሚፈጨው። አንቺ ከስድሳው አንዷ የወፍጮው ጌታ ትሆኛለሽ፤ ትርፉ ለስድሳ ሲካፈል አንዱ ያንቺ ነው።» ዝም ብላ አሰበችና «አንተ ገዛህ?» አለችኝ። ገዛሁ አልኳት። «አንተ ከገዛህ እኔም እገዛለሁ።» አንዲት ጊደር ነበረቻት። በዘጠና ብር ሸጠቻት፤ አሥሩን ከቅቤ አሟላች። የእኔን ፊት አይታ ነው የገዛችው፤ ይህቺን ያዙልኝ።

በመጀመሪያው ስብሰባ አንድ ሰው «ድምፅ በሰው ይሁን ወይስ በእጣ?» ብሎ ጠየቀ። ሽብሩ ፈገግ አለ። «ይሄ እድር አይደለም፣ ወገኖቼ። ብዙ ያወጣ ብዙ ይናገር። አንድ እጣ አንድ ድምፅ።» አጨበጨብን። አሥሩ ድምፅ ከስድሳው ምን ይሆናል? ሃምሳው የእኛ አይደል? እኔም ያንን በቃለ ጉባኤው ጻፍኩ። ስምንተኛ ክፍል የጨረስኩ ስለሆንኩ ጸሐፊ አድርገውኝ ነበር። ኩራቴን ብታዩት! እስክሪብቶዬን ቀሚሴ ደረት ላይ ሰክቼ ገበያ እወጣ ነበር።

ሞተሩ ከአርባ ምንጭ በጭነት መኪና መጣ። ጂንካ ሳይደርስ ካኮ ዳገት ላይ ጭቃ ያዘውና ሁለት ቀን ቆመ። ወሬው ሲደርሰን ሰው ገመድና አካፋ ይዞ ወረደ፤ ሴቶቹ ድንጋይ እየለቀምን ከጎማው ሥር አነጠፍን። ልድያ ልጇን አዝላ፣ እግሯ እስከ ባቷ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ ትዘፍንና ታስቀን ነበር። የካኮ ገበያተኛ እህሉን ትቶ አብሮን ጎተተ። መኪናው ተነቅሎ ዳገቱን ሲወጣ የተባለው እልልታ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ወዲህ በሕይወቴ ስንት ሠርግ በላሁ፤ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

አብዛኛው ባለ እጣ ፊደል የማይቆጥር ስለነበር ተፈራ አንድ ዘዴ አበጀ። ከዘይት ጣሳ ስድሳ ቆርቆሮ ቆረጠና በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር በምስማር መታበት። ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ረጅም ሳንቃ ሰቅሎ ስድሳ ምስማር ተከለ። አንድ ምስማር አንድ እጣ። ልድያ ሃያ ሰባት ቁጥር ደረሳት፤ ቅርጿን እንጂ ስሟን አታውቅም፤ ሁለቱን ዳክዬ፣ ሰባቱን ምርኩዝ አድርጋ «የእኔ ዳክዬዋና ምርኩዟ» ትላት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ባለ ቆርቆሮ ሳይሰለፍ ያስፈጫል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ መስቀል ሲቃረብ፣ እንሰበሰብና ተፈራ ቆርቆሮውን ከምስማሩ እያወረደ ቁጥሩን ይጠራል። ባለቤቱ ይቀርባል፣ ብሩን ይቀበላል፣ ቆርቆሮውን በገዛ እጁ መልሶ ይሰቅላል። የትርፉ ግማሽ ሞተር ሲያረጅ ለመለወጫ ይቀመጣል፤ ግማሹ ይካፈላል። የመጀመሪያው ዓመት የሚካፈለው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር ሆነ፤ ለአንድ እጣ ሃያ ብር። ልድያ ሃያ ብሯን ይዛ እየሳቀች እያለቀሰች ቆመች። «ጊደሬ ታለበች» አለች። የልጅቷን የመጀመሪያ ቀሚስ በዚያ ብር ነው የሰፋሁላት፤ ቢጫ፣ ኪሱ ላይ ቀይ አበባ ያለው። ለእጅ ሥራዬ አላስከፈልኳትም። አዎ፣ ያኔ ደግ ነበርኩ።

ከዚያ ሰማዩ ተዘጋ። ቆላው ከብቱ አለቀ፣ ደጋውም በቆሎው ሳያፈራ ደረቀ። በዚያ ላይ መዋጮው፣ በዚያ ላይ ልጆች ለውትድርና እየተመለመሉ ስንቅ የሚፈልጉበት ጊዜ ሆነ። ሰው «እጣዬን የሚገዛኝ ሰው ፈልጉልኝ» እያለ ሽብሩ ሱቅ ደጃፍ መቆም ጀመረ። ሽብሩ ስብሰባ ጠራ፤ ያን ቀን የተናገረውን ብትሰሙ መልአክ ነው ትሉት ነበር። «ወገናችን ተቸግሮ ዝም አንልም። እኔ ልግዛ ብል ‹ሽብሩ በወገኑ ችግር በለጸገ› ይባላል፤ አልገዛም። ማኅበሩ ራሱ ይግዛው። መጠባበቂያ ገንዘብ አለን አይደል? የተቸገረ እጣውን ለማኅበሩ ይመልስ፣ መቶ ብሩን ይውሰድ።» አጨበጨብን፤ አንዲት አሮጊት ጉልበቱን ልትስም ተነሥታ ነበር። እኔ እየጻፍኩ «የተመለሰው እጣ ይቀመጥ ልበል?» አልኩት። «ይሰረዝ በይ፤ ለሂሳብ ይቀላል» አለኝ። ለሂሳብ ይቀላል! ድንቄም! ይሰረዝ ብዬ ጻፍኩ።

እንግዲህ ሞኝነታችንን ልንገራችሁ። እኛ የምናውቀው ማኅበር እድር ነው። እድር ላይ የጎደለ ሰው ይወጣል፤ እጁ ሲረጥብ ውዝፉን ከፍሎ ቦታው ይመለሳል። ማንም «ቦታህ ጠፍቷል» አይለውም። ስለዚህ መቶ ብሩን የተቀበለ ሁሉ መኸር ሲገባ መቶ ብር አምጥቶ ቆርቆሮውን የሚሰቅል መስሎት ነበር። እኔም መስሎኝ ነበር። ሽብሩ ገና በመጀመሪያው ቀን «ይሄ እድር አይደለም» ብሎን አልነበር? ብሎናል፤ ማን ሰማው! የተመለሰው ቆርቆሮ ከምስማሩ ወርዶ አንድ አሮጌ የወተት ጣሳ ውስጥ ይጣላል። «የሞተ እጣ» አልነው፤ ባዶውን ምስማር ግን ማንም አልቆጠረም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው? አንድ ዓመት አሥር፣ አንድ ዓመት አሥራ አምስት፣ እንዲህ እንዲህ እያለ በአራተኛው ዓመት ሳንቃው ላይ የቀረው ቆርቆሮ ሃያ ብቻ ሆነ።

የሞተ እጣ አይሞትም፤ እኔ ይህን ያወቅሁት ከረፈደ ነው። ወፍጮው ያው ወፍጮ ነው፣ ድንጋዩ አልቀነሰም። ለስድሳ የተቆረሰው ዳቦ ለሃያ ሲቆረስ የቀረው ሰው ቁራሽ ይወፍራል፣ ምንም ሳይጨምር። ሽብሩ አሥር እጣ ነበረው፣ አሥር ቀረው፤ አንዲት ሳንቲም አላከለም። ግን አሥር ከስድሳ ስድስተኛው እጅ ነበር፤ አሥር ከሃያ እኩሌታው ሆነ። ከፋዩ ማነው? የሞተሩ መለወጫ ገንዘብ፣ የሁላችንም፣ የወጡትም ሰዎች ጭምር። በራሳቸው ገንዘብ ነው ያስወጣቸው። መልሶ መግዛቱ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ለተቸገረ ሰው መቶ ብር መቶ ብር ነው። ነገር ግን በየዓመቱ ሃያ ብር የምትወልድ እጣ እንዴት ሆና ነው ዋጋዋ ከዓመት ዓመት መቶ ብቻ የሚሆነው? ይህን የሚጠይቅ ሰው ጠፋ። እኔማ ለምን ብዬ እጠይቃለሁ? ሁለቱ እጣዬ በመጀመሪያ አርባ ብር ነበር የሚሰጠኝ፤ ያኔ መቶ ብር አልፏል። ትርፉ አልጨመረም እኮ፤ የሚካፈለው ሰው ነው የቀነሰው። ደስ ብሎኝ ቴትሮን ሸሚዝ ለተፈራ፣ ለራሴ ደግሞ አበባ ያለበት ናይለን ሻሽ ገዛሁ። ሻሹን አስሬ ወፍጮ ቤት ስገባ ባዶዎቹ ምስማሮች ፊት ለፊቴ ነበሩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሽብሩ በረንዳዬ ላይ መጣ። ሁለት ኪሎ ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጠ። ያኔ ስኳር በቀበሌ ካርድ ነው፤ እሱም ሲገኝ። ሁለት ኪሎ ስኳር ያየሁበትን ቀን አላስታውስም ነበር። «ያቺ ባልቴት ልድያ ተቸግራለች አሉ» አለኝ። «ዘር የላትም። እጣዋን ብትመልስ መቶ ብር ዛሬውኑ እሰጣት ነበር፤ እኔ ብነግራት አታምነኝም። አንቺን ታምናለች።» እውነቱን ነው፣ ተቸግራ ነበር፤ ከእኔ ሁለት ጊዜ በቆሎ ተበድራ ነበር። ከሽብሩ ግን እንዲህ ያለ ርኅራኄ ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅሁም። ስኳሩን አየሁት። ሽብሩ የፈለገው አንዲት እጣ ነበር። አሥር ለአሥር ሆነን፣ የቀረነው ተባብረን እምቢ ብንል ምንም ማድረግ አይችልም። የእሷ አንዲቷ ከወጣች ግን እኛ ዘጠኝ፣ እሱ አሥር። እኔ ይህን ያኔ አልቆጠርኩትም። ወይም ልቆጥረው አልፈለግሁም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ቅዳሜ ልድያ ስትመጣ ሻይ አፈላሁላት፣ በስኳር። ሁለት ማንኪያ ጨመርኩ። «መልሺው፤ ዘርሽን ግዢበት። መኸር ሲገባ መቶ ብርሽን ይዘሽ መጥተሽ ቆርቆሮሽን ትሰቅያለሽ» አልኳት። «መልሰው ይሰጡኛል?» አለች። «ምን ሆነሽ ነው? ማኅበር አይደል እንዴ!» የእጣ መመለሻውን ወረቀት አውጥቼ አነበብኩላት። «ይሰረዝ» የሚለው ጋ ስደርስ ዘልዬው አለፍኩ። ይኸው ነው ኃጢአቴ፣ አንዲት ቃል። አውራ ጣቷን በቀለሙ አስነክሬ ወረቀቱ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ፤ ጣቷ ከመጅ የተነሣ ልስልስ ብሎ መሥመሩ ጠፍቶ ነበርና ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። «ጌታ ይባርክህ፣ እትዬ፤ አነበብክልኝ» አለችኝና ሻይዋን ጠጥታ ሄደች።

መኸሩ ያን ዓመት ጥሩ ሆነ። ልድያ በቆሎዋን ሸጣ መቶ ብር፣ ሁሉም ባለ አንድ ብርና ባለ አምስት፣ በመሐረብ ቋጥራ ወፍጮ ቤት መጣች። ሽብሩ ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ እኔ መዝገቡን ይዣለሁ። መሐረቡን ፈታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ቆርቆሮዬን ልሰቅል መጣሁ።»

ሽብሩ ብሩን እንኳ አላየውም። «የሞተ እጣ አይነሣም፣ እመቤቴ።»

«አልሞተችም። ዘር ገዛሁባት እንጂ አልሞተችም።»

«ተሰርዟል። ወረቀቱ ላይ አለ፤ ጣትሽ አለበት።»

ወደ እኔ ዞረች። ዘወር ብላ ያየችኝ አስተያየት ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። «እትዬ ፈለቀች፣ አንተ አይደለህ ያነበብክልኝ? እንዲህ ይላል ወረቀቱ?»

ሞተሩ ይጮሃል፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ ያየናል። አፌን ብከፍት «ይህን ቃል አላነበብኩላትም» ማለት ነው። ያንን ብል ጸሐፊነቴም፣ መቶ ምናምን ብሬም ይቀራል፤ የስኳሩም ነገር ይወጣል። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ የእኔው በሁለት ኪሎ ስኳር የተገዛ ነው። «አዎ፣ እንዲህ ይላል» አልኩ።

ልድያ ብሩን አንድ በአንድ ለቅማ ቋጠረችው። ከዚያ የወተት ጣሳውን እያሳየች «እሷንስ? ቆርቆሮዬን ስጡኝ» አለች። ሽብሩ ሳቀ። «ውሰጂ፤ ምን ይሠራልናል!» ጣሳውን ምድር ላይ ደፋችና ተንበርክካ ከአርባ አንዱ መሐል ዳክዬዋንና ምርኩዟን ለይታ አነሣች። ሰዉ ሳቀ። እኔም፣ አፈር ልብላ፣ ፈገግ ሳልል አልቀረሁም።

ከሁለት ወር በኋላ ሽብሩ ስብሰባ ጠራ። ሞተሩ ታሟል፣ ማስለወጫ ገንዘብ የለም፤ ገንዘቡማ የት እንደሄደ አውቃችኋል። ስለዚህ ማኅበሩ ይፍረስ፣ ንብረቱ ይሸጥ፣ ገዢም አለ አለ፤ ገዢው እሱ። ዘጠኝ ድምፅ እምቢ፣ አሥር ድምፅ እሺ። እኔም እጄን ለእምቢታ አውጥቼ ነበር፤ ምን ዋጋ አለው! አሥራ ዘጠኝ ቆርቆሮ ሳንቃው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ የሽብሩን አሥር እያየሁ ድንገት ገባኝ፤ እጣዋን ከሳንቃው ያወረድኩት እኔ ነኝ። በየእጣችን መቶ መቶ ብር ሰጠንና ወፍጮውን ከነሚዛኑ ወደ ግቢው ወሰደው። ሠላሳ አራት ሰው ከካኮ ጭቃ የጎተተውን ሞተር! ያ አሮጌ ሞተር እዚያ ግቢ ሲገባ ጤነኛ ሆነ፤ ዓመታት ሠራ። የማስፈጫው ዋጋ እጥፍ ሆነ፤ ወረፋ የማይጠብቅ ባለ ቆርቆሮም አልነበረም። ተፈራ ያን ቀን ማታ ራቱን ሳይበላ «ስንት ባዶ ምስማር ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። አርባ አንድ አልኩት። «አንድ ቀንም አልቆጠርሽም?» አለኝ። ስለዚያ ነገር እስኪሞት ሌላ ቃል አልተናገረም። ስለ ስኳሩ አልነገርኩትም፤ በሻይ ስሰጠው ግን ያው ጠጥቶታል።

ልድያ ከሽብሩ ወፍጮ ቤት አልደረሰችም። ተመልሳ በድንጋይ ፈጨች። ቅዳሜ ቅዳሜ በበረንዳዬ ሥር ታልፋለች፤ «ደህና ዋሉ፣ እትዬ» ትለኛለች። እንደ ድሮው «አንተ» ብትለኝ ምን ነበረበት! አንድ ቀን ለልጅቷ ቀሚስ የሚሆን ቁራጭ ጨርቅ ሰጥቻት እጇን ያዝኳት፤ መዳፏ የበረባሶ ጎማ ሆኗል። ጨርቁን አጥፋ መኪናዬ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። አባቴ አባቷን በጠመንጃ ነበር የገዛው፤ እኔ የተማርኩ ነኝና በወረቀት ተጠቀምኩ። ደርግም ወደቀ፣ ሽብሩም ቤቱን ሸጦ ከጂንካ ወጣ፤ ወፍጮው የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል። በቀደም ክራባት ያሰረ ልጅ አክሲዮን ሊሸጥልኝ በረንዳዬ ላይ መጣ፤ እንዲህ ያተርፋል፣ እንዲያ ያድጋል ይለኛል። «በሰው እጅ ያለው እጣ ስንት ነው? የሚመለሰውንስ በስንት ነው የምትገዙት፣ በማንስ ገንዘብ?» አልኩት። «እማማ፣ ባንክ ሠርተው ነበር እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ወይ አለማወቅ ደጉ!

አሁን ወደ ለቅሶው ልመለስ። መዝሙሩ አልቆ ሰው ሲበተን የልድያ ልጅ ሸኘችኝ። ቢጫ ቀሚስ የሰፋሁላት ሕፃን ዛሬ ፀጉሯ ሸብቷል። መዳፌን ከፈተችና ቆርቆሮውን አስቀመጠችበት። «እናቴ ከመሞቷ በፊት ነው የሰጠችኝ። ‹ለእትዬ ፈለቀች ስጪያት፤ እሷ ማንበብ ትችላለች› አለችኝ። ምን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። ምን ይላል፣ እማማ?»

መነጽሬን አወጣሁ። መነጽር የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም፤ ያንን ቁጥር በጨለማ አውቀዋለሁ። «ሃያ ሰባት ይላል» አልኳት።

«ሃያ ሰባት ምን?»

ለቅሶኛው እያለፈ እጄን ይጨብጣል፣ ሚኒባሱ ጥሩንባውን ይነፋል። ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩ። ስድሳውን፣ ሃያውን፣ አሥሩን፣ የዘለልኳትን ቃል። ልጅቷ ዓይን ዓይኔን ታያለች፤ እንደ እናቷ አምናኝ።

«የወፍጮ ወረፋ ቁጥር ነው፣ ልጄ፤ የድሮ። ምንም አይደለም» አልኳት።

«ጌታ ይባርክዎት፣ እማማ፤ አነበቡልኝ» አለችኝ።